ሰው የጫንኩበት የጨው ተሳቢ

አሰብ ኖሬያለሁ ስል ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሙቀቱ ነው። ሙቀቱን አልረሳሁትም። ግን የአሰብ ስም ሲነሳ ቀድሞ ፊቴ ላይ የሚደቀነው ጧት ተጀምሮ ጀንበር ስትጠልቅ ያለቀ አንድ ቀን ነው። ለልጆቼ በየጊዜው ቆራርሼ ነግሬያቸዋለሁ። ለእናንተ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልንገራችሁ።

ዘመኑ የንጉሡ መንግሥት ማብቂያ ገደማ ነው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ ወንደላጤ ነበርኩ። ትውልዴ ወሎ ነው። አሰብ የደረስኩት በጭነት መኪና ረዳትነት ሲሆን፣ ወደብ ላይ ጭነት ስንጠብቅ ጨው ማምረቻው ትራክተር ነጂ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ እዚያው ቀረሁ። ሥራዬ ከባድ አልነበረም። የባሕሩ ውሃ ሰፋፊ ገንዳዎች ውስጥ ይለቀቅና ፀሐይ ሲመጠው ጨው ይሆናል። ሠራተኞች ጨውን ይከምራሉ፣ እኔ በተሳቢ እየጎተትኩ ወደ መጋዘን አደርሳለሁ።

ተሳቢው ሁለት ጎማ ያለው የእንጨት ሳጥን በሉት። መንገጫገጭን የሚያለዝብ ባሌስትራ የለው፣ ፍሬን የለው። ለጨው ግን ይበቃል። ጨው ደግ ተሳፋሪ ነው፤ ብታንገጫግጨው አይጮህም፣ መንገድ ላይ ቢፈስም የሚቆጣ የለም።

በዚያ ወር ሥራውን ልለቅ አስቤ ነበር። ለአለቃዬ ለአቶ ተስፋማርያም፣ «ወሩ ሲያልቅ አገሬ እገባለሁ» ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። አሰብ ክፉ አገር ሆና አይደለም። ማታ ማታ ቤቴ ስገባ የሚጠብቀኝ ሰው የለም፤ የነፋሱን ጩኸት እየሰማሁ እተኛለሁ። የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ በመንገድ ላይ ያሉ ሾፌሮች ናቸው፣ ዛሬ አይቼ ነገ አጣቸዋለሁ። ብሄድ የሚጎድለኝ፣ ብቆይ የሚጨምርልኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

አሰብ ዝናብ እምብዛም አታውቅም። በዚያ ሳምንት ግን የክረምትን ያህል ዘነበ። ገንዳዎቹ በጎርፍ ውሃ ተበላሹ፣ ሥራ ቆመ። በባሕሩ ጠረፍ ወዳለችው ወደ በይሉል የሚወስደውንም መንገድ ጭቃ ዋጠው።

እናም አንድ ጧት፣ ከትራክተሩ ሥር ገብቼ ግራሶ ስቀባ የሆስፒታሉ ላንድሮቨር መጥቶ በር ላይ ቆመ። ከቀለሙ ይልቅ ጭቃው ይታያል። መጀመሪያ የወረደችው ሲስተር ወይንሸት ናት። ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ነርስ ስትሆን፣ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ወደቡ ላይ የሚሠሩት ጡንቸኛ ወዛደሮች እንኳ እሷ ፊት ሲቀርቡ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ከኋላዋ እስከ ወገቡ የረጠበ፣ ሽርጥ ያገለደመ ቀጭን ሰው ተከተላት። ዓሊ ይባላል። ከበይሉል ወዲህ ያለች የአንዲት መንደር ዓሣ አጥማጅ ነው። ድሮ ወደቡ ላይ ጭነት ያራግፍ ስለነበር አማርኛ ይናገራል።

አቶ ተስፋማርያም ጠሩኝና ሲስተር ነገሩን አስረዳችኝ።

«የዚህ ሰው ሚስት ለመውለድ ደርሳለች። ከትናንት በስቲያ ሕመም ሳይሰማት ደም ፈሰሳት። አሁን ቆሞላታል። እንግዴ ልጁ ከሕፃኑ ቀድሞ መውጫው ላይ የተቀመጠ ይመስለኛል። እንዲያ ከሆነ በኦፕራሲዮን ካልሆነ አትወልድም።»

«መኪናችሁስ?» አልኳት።

«ዛሬ ጧት ሞክረን ጨዋማው ሜዳ ላይ ተቀረቀርን። እግዜር ይስጣቸው፣ ሰዎች ገፍተው አወጡን።»

«በባሕርስ?»

ዓሊ ራሱን ነቀነቀ። «ነፋሱን አታየውም? ጀልባ የሚወጣበት ቀን አይደለም። በግመል ላምጣት ብል ሲስተር ከለከለችኝ።»

«አዎ ከልክያለሁ» አለች ሲስተር። «በቃሬዛም እንዳይሸከሟት ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፤ አንዱ ከተንሸራተተ ትወድቃለች። ይህቺ ሴት ከተነቃነቀች ደሙ ይመለሳል። ከተመለሰ ደግሞ የማቆምበት መድኃኒት የለኝም።»

አቶ ተስፋማርያም፣ «ትራክተሩ ጭቃውን ይወጣዋል» አሉ፤ ከዚያ ወደ ተሳቢው ዞሩ። ሁላችንም ዞርን። ግድግዳው ላይ ጨው እንደ ቆዳ የተጋገረበት ያ ሳጥን እዚያ ቆሟል።

ሲስተር ወደ እኔ ተመለከተች። «ሳትነቃነቅ ልታመጣት ትችላለህ?»

ዓሊ አፍ አፌን ያየኛል። «ይህ ተሳቢ ባሌስትራ የለውም፣ ሲስተር» አልኳት። «ባዶውን ከሄደ እንደ ፍየል ይዘላል።»

«እና?»

«ባዶውን አንወስደውም።»

ከባሕሩ ዳር ደረቅ አሸዋ አስመጣሁ። ተሳቢ ባዶ ሲሆን ያገኘው ጠጠር ሁሉ ያነጥረዋል። ሲከብድ ግን ጎማው ይረጋል፣ መሬቱን ይዞ ይሄዳል። አሸዋውን ስናፈስ ከመሐል ትንሽ ወደ ፊት አበዛሁት፤ ምክንያቱም ክብደት ወደ ኋላ ከተጫነ ተሳቢው የትራክተሩን መጎተቻ ወደ ላይ እያነሳ ጭራውን ይቆላል፣ ከቆላ ደግሞ መመለሻ የለውም። እንዲለሰልሱ ከጎማዎቹ ንፋስ ቀነስኩ። ትራክተሩና ተሳቢው የሚጋጠሙበት ብረት ክፍተት ነበረው። በዚያ ክፍተት የተነሳ ስነሳ ይነጥቃል፣ ፍጥነት ስቀንስ ይገፋል። አሮጌ ከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ማለቴ ነው፣ ቆርጬ ጠቀጠቅኩበትና ድምፁን አጠፋሁት። ቢበጠስ ብዬም በሰንሰለት ደረብኩ።

በላዩ ጆንያ አነጠፍን፣ የሆስፒታሉን ፍራሽ ደረብን፣ ለፀሐይ ሸራ ወጠርን። ልንነሳ ስንል አቶ ተስፋማርያም ዘበኛውን ቤታቸው ልከው የራሳቸውን የጥጥ ፍራሽ አስመጡ። ሚስታቸው ምን እንዳሉ እንጃ። «ይህንንም ጨምሩበት» አሉና ወደ ቢሮአቸው ገቡ።

መንገዱን ስንሄድ ሲስተር አሸዋው ላይ፣ ዓሊ ከጎኔ የጎማው ክዳን ላይ ተቀምጠው ነበር። ጭቃውን አለፍን። ከመንደሩ በፊት ያለውን ወንዝም ተሻገርን፤ ወንዝ ስል ዓመቱን ሙሉ ደረቅ የሆነ፣ ጎርፍ ሲመጣ ብቻ ውሃ የሚያይ የጠጠር ሸለቆ ነው። ውሃው ያን ጊዜ ከጉልበት በታች ነበር። እግረ መንገዴን ስመለስ የምሸሻቸውን ድንጋዮች በዓይኔ እመዘግብ ነበር።

መንደሯ ከዘንባባ ሰሌን የተሠሩ ጥቂት ጎጆዎችና አሸዋ ላይ የተጎተቱ ጀልባዎች ናት። ሲስተር ጎጆው ውስጥ ገብታ በሽተኛዋን አየች። እኔ ተሳቢውን አዙሬ በሩ ላይ አቆምኩ። ያኔ አንዲት አጭር፣ ፊቷ የጠቆረ አሮጊት ወጥታ ተሳቢው ፊት ቆመች። የዓሊ ሚስት የፋጡማ እናት፣ እማማ ሐዋ ናቸው። ጣታቸውን ሳንቃው ላይ አሳረፉ፣ የተጋገረውን ጨው ፈቅፍቀው ቀመሱ። ከዚያ በአፋርኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

ዓሊ መሬት መሬት አየ።

«ምን አሉ?» ስል ጠየቅኩት።

«ልጄ ጨው አይደለችም ነው የምትለው።»

ሲስተር ልታስረዳቸው ሞከረች። ስለ ደሙ፣ ስለ ኦፕራሲዮኑ ተናገረች፣ ዓሊ አስተረጎመ። አሮጊቷ ሰሙ እንጂ ከቦታቸው ፈቀቅ አላሉም። አልፈረድኩባቸውም። ያን ሳጥን ለእናቴ ባመጡላት እኔም በሩ ላይ እቆም ነበር።

«ዓሊ» አልኩ፣ «እሳቸው ይውጡና ይሞክሩት በልልኝ። ካልወደዱት ባዶዬን እመለሳለሁ።»

እማማ ሐዋ ሲተረጎምላቸው ትክ ብለው አዩኝ። ጎጆ ገቡና የፍየል ወተት እስከ አፉ የሞላ የእንጨት ጎድጓዳ ይዘው ተመለሱ። ሰዎች ደግፈዋቸው ተሳቢው ላይ ወጡ፣ መሐል ፍራሹ ላይ ተቀመጡ፣ ወተቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ያያል።

ፍሪሲዮኑን ትንሽ ትንሽ እያልኩ ለቀቅኩ። በመጀመሪያ ማርሽ መንደሩን ዞርኩ፤ ጀልባዎቹን አልፌ፣ ድንጋያማውን ዳር ይዤ፣ ተመልሼ በሩ ላይ ቆምኩ። ወደ ኋላ ለማየት አልደፈርኩም። ስዞር ጣታቸው ላይ የፈሰሰችውን ጥቂት ወተት ይልሱ ነበር። የቀረውን እዚያው ጠጡት፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ ወደ ጎጆው አንድ ቃል ተጣሩ።

«አምጧት አለች» አለኝ ዓሊ።

ፋጡማን ከተኛችበት ሰሌን ጋር አራት ሰዎች አንስተው አወጧት። ፊቷን ከዓይኗ በታች በሻሽ ሸፍነውት ስለነበር አላየሁትም። እግሯን ወደ ትራክተሩ፣ ራሷን ወደ ኋላ አድርገን አስተኛናት። ወገቧ ከጎማዎቹ በላይ እንዲሆን ለሲስተር ነገርኳት፤ ተሳቢ ከየትኛውም ጫፍ ይልቅ እዚያ ላይ ያርፋል። ሲስተር ደግሞ እግሯ ከፍ እንዲል አሸዋውን ቆለለች። እማማ ሐዋ በአንድ ጎን፣ እሷ በሌላው ጎን ተቀመጡ።

ሲስተር ገመድ አውጥታ አንዱን ጫፍ የግራ እጄ አንጓ ላይ አሰረችው። «አንድ ጊዜ ከሳብኩህ ቀስ በል። ሁለት ጊዜ ከሳብኩህ ቁም። ዞር ብለህ እንዳታይ። እሷን ማየት የእኔ ሥራ ነው፤ አንተ መንገዱን እይ።»

እንዲህ ሆነን ተነሳን።

በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል በዝግታ ነድቼ አላውቅም፣ የዚያን ቀን ያህልም ደክሞኝ አያውቅም። ማርሽ ላለመቀየር ወሰንኩ፤ ማርሽ ሲቀየር ተሳቢ ይነጠቃል። ፍሬን ላለመያዝ ወሰንኩ፤ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከኋላ መጥቶ ይገፋል። ስለዚህ ሩቅ ማየት ነበረብኝ። ድንጋዩ አጠገብ ደርሼ ሳይሆን ገና ከሩቅ እያየሁት፣ ነዳጁን በእጅ ዘንግ ጥቂት ጥቂት እቀንሳለሁ። ስታጠፍ ሰፋ አድርጌ እዞራለሁ፤ የእኔ ጎማ የሳተውን ድንጋይ የተሳቢው ጎማ ወደ ውስጥ ቆርጦ ሊያገኘው ይችላል። የማይሸሽ ድንጋይ ሲገጥመኝ ጎማው ቀስ ብሎ እንዲወጣው፣ ቀስ ብሎ እንዲወርደው እለምነዋለሁ። አዎ፣ እየለመንኩት ነበር። ከንፈሬ ይንቀሳቀስ እንደነበር ዓሊ በኋላ ነገረኝ።

ገመዱ አንድ ጊዜ ተሳበ፣ ቀነስኩ። ብዙ ከሄድን በኋላ እንደገና አንድ ጊዜ ተሳበ፣ ቀነስኩ። እጄ አንጓ ላይ ያለችውን ገመድ ከሞተሩ ድምፅ ይልቅ አዳምጣት ነበር።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ትራክተሩን አቆምኩ። ጧት ከጉልበት በታች የነበረው ውሃ ደፍርሶ፣ ቅርንጫፍ እየነዳ ይወርዳል። ዝናቡ ተራራው ላይ ዘንቦ ኖሯል። ውሃውን እያየሁ ሳለ ገመዱ ሁለት ጊዜ ተሳበ። ቆሜ ሳለሁ ነው የተሳበው።

ሲስተር ወርዳ ወደ እኔ መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደሙ ጀምሯል» አለች። «ብዙ አይደለም። ግን ጀምሯል።»

«ውሃው መቼ ይጎድላል?» ብዬ ዓሊን ጠየቅኩት።

«ሊመሽ ይችላል።»

ሲስተር ራሷን ነቀነቀች። «እስከዚያ አትቆይም።»

ሁለቱም እኔን አዩኝ። ፈራሁ። እኔ ብቻዬን ብሆን በዚያ ውሃ ጨውም ይዤ አልገባም። ዓሊ ከአንዱ ዛፍ ሥር ጎርፍ የተወውን ረጅም እንጨት አነሳና ውሃው ውስጥ ገባ። ጭኑ ደረሰ። እንጨቱን እየወጋ፣ ከታች ያለውን መሬት እየሞከረ እስከ ግማሽ ሄዶ ተመለሰ።

«በላይኛው በኩል ከሥር ያለው ጠንካራ ጠጠር ነው። ከጎኑ ጉድጓድ አለ» አለኝ። «ፊት ፊትህ እሄዳለሁ። በእኔ ዱካ ና።»

«ከፊቴ ሆነህ ብትወድቅስ? መሐል ላይ ከቆምኩ ጎማው ይሰምጣል።»

«ብወድቅ አትቁም።»

«ዓሊ…»

«ከኋላህ ያለችው ሚስቴ ናት። አትቁም።»

ሲስተር ተሳቢው ላይ ተመልሳ ወጣች። ትራክተሩን ወደ ውሃው አወረድኩት። ቁልቁለቱ ላይ ተሳቢው ከኋላ ሊገፋኝ ሲዘጋጅ ይሰማኛል፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ያዘው። ውሃው የፊት ጎማዎቹን ሸፈነ። ዓሊ ከፊቴ እንጨቱን እየወጋ ይሄዳል፣ ጀርባውን ብቻ አያለሁ።

መሐል ላይ ስንደርስ ውሃው ተሳቢውን ወደ ታች ይገፋው ጀመር። በመሪው በኩል ይሰማኝ ነበር፤ የትራክተሩ አፍንጫ ወደ ጎርፉ መምጫ መዞር ፈለገ። በዝግታ አረምኩት። አሸዋው ባይኖር ያ ሳጥን እንደ ጀልባ ይነሳ ነበር። ከዚያ የተሳቢው አንድ ጎማ ገባ። የጉድጓዱን ጫፍ አገኘው። የሞተሩ ድምፅ ወፈረ። እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ነዳጁ ዘንግ ሄደ፤ ትንሽ ብጨምር በአንድ ትንፋሽ ይወጣል፣ ነገር ግን ነጥቆ ነው የሚወጣው። እጄን መለስኩት። ከኋላዬ የሴቶቹ መንቀሳቀስ ተሰማኝ። ሲስተርና እማማ ሐዋ ወደ ከፍታው ጎን ተደርበው ክብደታቸውን አሳረፉበት። ትራክተሩ አንድ ጊዜ አቃሰተ፣ ከዚያ ተሳቢው ከጉድጓዱ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ተነሳ።

በዚያች ቅጽበት ዓሊ ወደቀ። ከፊቴ ጠፋ። እንጨቱ ብቻ ውሃው ላይ ታየ። እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር። የነገረኝን አስታወስኩ፣ እግሬን አነሳሁ። ያችን አጭር ጊዜ አልገልጻትም። ራሱ ከውሃው ሲወጣ ከትራክተሩ አፍንጫ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ወደ ኋላ አላየም። እንጨቱን ይዞ መንገዱን ቀጠለ፣ እኔም ተከተልኩት።

ማዶ ወጥተን መሬቱ ሲስተካከል ቆምኩ። «ሲስተር?» አልኩ ሳልዞር።

«ንዳ» አለች። «ቀንሷል።»

ጨዋማውን ሜዳ እንዴት እንዳለፍነው እንኳ ደህና አድርጌ አላስታውስም። ከተማው ሲቃረብ አስፋልት ላይ ወጣን። እግሬ ሊቸኩል ፈለገ። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ መንገዱ ልስልስ ነው። ግን የጎማዎቹን ንፋስ ቀንሻለሁ፤ በዚያ ላይ ከፈጠንኩ ተሳቢው መወዛወዝ ይጀምራል። ስለዚህ በዚያው በዝግታዬ ቀጠልኩ።

ከኋላችን የጭነት መኪኖች ተደረደሩ። የመጀመሪያው ሾፌር ጥሩንባ ነፋ፣ ከዚያ ሊያልፈን ጎናችን መጣ። ከከፍታው ወደ ተሳቢው ሲመለከት አየሁት። ወዲያው ጥሩንባውን ተወና ቀድሞን ሄዶ፣ ከወደብ የሚመጣው መንገድ የሚገናኝበት ላይ መኪናውን ከነተሳቢው አግድም አቆመው። ወርዶ እጁን ዘርግቶ ሌሎቹን አገደ። ብችል ኖሮ ቆሜ አቅፈው ነበር፤ መቆም ግን አልቻልኩም። ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ሳልፍ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር።

ሆስፒታሉ ደጅ ላይ ፋጡማን ከነፍራሹ ተሸክመው አስገቧት። ሲስተር ተከትላ ሮጠች። ዓሊ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም ከትራክተሩ ወረድኩ። ገመዱን ልፈታ ብል አቃተኝ። ረጥቦ ጠብቋል። እማማ ሐዋ መጡና እጄን ያዙ፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት። ከፈቱትም በኋላ እጄን አልለቀቁም። እንደተያያዝን ደጁ ላይ ተቀመጥን።

ጀንበር ጠልቃ ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሲስተር ወይንሸት ወጣች። ፊቷን ታጥባ ነበር፣ ነጠላ ጫማዋ ላይ ደም አለ። «ሴት ልጅ ናት» አለች። «ሐኪሙ በሰዓቱ ደረሳችሁ ብሏል። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ዓሊ አልተነሳም። ባለበት ግንባሩን መሬት ላይ አሳረፈ። እማማ ሐዋ እጄን አንድ ጊዜ ጨመቅ አደረጉና ለቀቁኝ፣ ወደ ልጃቸው ገቡ።

በማግሥቱ ለአቶ ተስፋማርያም፣ «ጌታዬ፣ አልሄድም» አልኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። «ፍራሼንስ መቼ ነው የምታመጣው?» ነው ያሉኝ።

ከአንድ ወር በላይ ካለፈ በኋላ፣ ጨው እየጫንኩ ሳለ ዓሊ መጣ። ከጎኑ ሕፃን ያዘለች ረጅም ሴት አለች። ፊቷን አላውቀውም። ተሳቢውን ዞራ አየችው፣ ወደ እኔ ግን አልቀረበችም፤ ለዓሊ አንድ ነገር ነገረችው። ዓሊ ፈገግ አለ።

«ዙርልኝ ትላለች።»

«ምን?»

«ጀርባህን አዙርላት።»

ግራ እየገባኝ ዞርኩ። ከኋላዬ ስትናገር ሰማሁ፣ ዓሊ አስተረጎመ። «እሱ ነው አለች። ያን ቀን ሙሉ ተኝታ የምታየው ያንተን ጀርባ ብቻ ነበር። ስታቃስት ትከሻህ ይነሳል፣ ዝም ስትል ይወርዳል። ይህን ሰው ሳላስደነግጠው ልድረስ እያልኩ ዝም እል ነበር አለች።»

ለመዞር ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ዓይኔን ማድረቅ ነበረብኝ። ያን ቀን እኔ ለእሷ ስጠነቀቅ፣ እሷም ከኋላዬ ለእኔ ትጠነቀቅልኝ ኖሯል።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ይህን ታሪክ የጀግና ታሪክ አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ። ብቻዬን ያደረግኩት ነገር የለም። ውሃውን የረገጠው ዓሊ ነው፣ ገመዱን የያዘችው ሲስተር ናት። አለቃዬ ፍራሻቸውን ሰጡ፣ ስሙን የማላውቀው ሾፌር መንገድ ዘጋልኝ። ወደ አሰብ ስመጣ የማንም አልነበርኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ገበያ ስወጣ በስሜ የሚጠሩኝ፣ ስታመም ዓሣ ቀቅለው የሚልኩልኝ ሰዎች ነበሩኝ። በኋላም ከባድ መኪና ከነተሳቢው ይዤ የአዲስ አበባን መንገድ ዓመታት ተመላለስኩበት። ወጣት ሾፌሮች ተሳቢን ያለ ንቅናቄ መጎተት ከየት ተማርክ ይሉኛል። ጭነት ማመጣጠንን፣ ክፍተት መድፈንን፣ ሩቅ ማየትን እነግራቸዋለሁ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ይጠቅማቸዋልም።

ሁሉንም ግን አልነግራቸውም። ቁልቁለት ላይ፣ ኩርባ ላይ፣ ዝናብ ላይ ስሆን የግራ እጄ አንጓ ዛሬም ገመድ እንዳለበት ሁሉ ይከብደኛል፤ ያኔ ነዳጁን ቀነስ አደርጋለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ጓደኞቼ አልቀዋል። እኔ ሸምግዬ፣ የልጅ ልጅ አቅፌ ይህን እጽፍላችኋለሁ። ስለዚህ ማን ማንን ወደ ሆስፒታል እንዳደረሰ ስትጠይቁኝ፣ እኔ ብቻ አድራሽ ነበርኩ ለማለት አፌ አይደፍርም። ፋጡማን፣ እናቷንና ባሏን፣ ያሉትን ዕድሜ ይስጥልኝ፣ የሄዱትን ነፍሳቸውን ይማርልኝ። ለዚህ ዕድሜ ያደረሱኝ እነሱ ናቸው።